ዱላዋ እስክትቆም

ካዶ የሐይቁን ዳር ጠጠር እየበተነ ሲሮጥ ጌኔሪስ ቀና ብላ አየችውና መልሳ የምታጥበው ሸሚዝ ላይ አጎነበሰች። ማን እንደሚያባርረው አልጠየቀችም። ከዚህ ሰውዬ ጋር «እንደምን አደርክ፣ እንደምን አደርሽ» ከተባባሉ አሥራ አራት ዓመት ሆኗቸዋል። በአንድ ግቢ አድረው፣ ከአንድ ድስት በልተው፣ አሥራ አራት ዓመት።

ዱላዋን አነሳች፤ ሸሚዙ ላይ አሳረፈች። ጫፏ እንደ መቅዘፊያ የሰፋ የማጠቢያ ዱላ ናት፤ ከባሉጥ እንጨት የተጠረበች፣ ከባድ። ወንድሟ ኢድዋል ከመሞቱ ከሦስት ቀን በፊት አዛዥ ኢዶን «አሮጌዋ ተሰንጥቃለች» ብሎ የሰጣት ናት። አሮጌዋ ላይ ጌኔሪስ ስንጥቅ አይታ አታውቅም።

በመላጣው በጌታ ተጊድ ግቢ እያንዳንዱ ባለሥራ የየራሱ ከለላ አለው። ጥፋተኛ ሸሽቶ ከመጣበት ያ ሰው ይከልለዋል፤ የከለላው ርዝመት ግን እንደ ሥራው ነው። የበረኛው ክንዱ እስከደረሰበት ነው። የዳቦ ጋጋሪዋ የምድጃ መጫሪያዋን ወርውራ እስካደረሰችበት። የልብስ አጣቢዋ ደግሞ ማጠቢያ ድንጋይዋ ላይ ቆማ ዱላዋን ወርውራ እስካደረሰችበት። እስከዚያ ድረስ ጌታው ራሱ ጣቱን አያነሳም። ከዚያ ወዲያ እግርህ ያውጣህ ነው።

የዛሬ አሥራ አራት ዓመት ኢድዋል የጌታውን አጋዘን ገደለ ተብሎ ሸሽቶ መጣባት። ከድንጋይዋ እስከ ጫካው ጠርዝ ያለውን ስፍራ በአሮጌዋ ዱላ ስንት ጊዜ ወርውራ ታውቀዋለች፤ ይደረሳል። በአዲሷ ወረወረች። ሦስት ክንድ ሲቀራት ወደቀች። በዚያች ሦስት ክንድ ውስጥ ያዙት።

ማታውን አዳራሽ አስገቡት። ጌታ ተጊድ ግብር ላይ ነበር፤ እግሮቹ ካዶ ጭን ላይ። ካዶ የግቢው እግር ያዥ ነው። ጌታው ለራት ከተቀመጠ ጀምሮ እስኪተኛ እግሩን ታቅፎ ያሻል፣ ያካል። እሱም ከለላ አለው፤ የጌታው እግር ጭኑ ላይ እስካለ ድረስ «ይህ ሰው በእኔ ነው» ቢል ያ ሰው ከአዳራሹ በሰላም ይወጣል። ጌኔሪስ በሩ ሥር ቆማ አየችው። ኢድዋልም አየው። ካዶ አንገቱን ደፍቶ ተረከዝ ያሻል። በማግስቱ ኢድዋልን የኋሊት አስረው ሐይቁ መሃል ጣሉት። ሐይቁም አልመለሰውም። ከዚያ ወዲህ ጌኔሪስ የምታጥበው እሱ በተኛበት ውሃ ነው።

አንዳንዴ አጥባ ስትጨርስ ቀኝ ክንዷን ገልብጣ ታየዋለች። ሦስት ክንድ። ያንን ማድረስ አቅቶህ ነው? ትለዋለች።

«ጌኔሪስ!» ካዶ እግሯ ሥር ተደፋ፤ የእርጥቡን ሸሚዝ ጫፍ ጨምድዶ ያዘ። «በእናትሽ አጥንት ይዤሻለሁ! ከለላሽን!»

«የማንን ሸሚዝ ነው በጭቃ እጅህ የያዝከው? የጌታህን ነው። ልቀቅ፤ ሁለቴ አታሳጥበኝ።»

በአሥራ አራት ዓመት የመጀመሪያው ቃሏ ይህ ሆነ።

«እጆቼን ሊቆርጡ ነው! ሁለቱንም!»

«ምን ሠሩና? እኔ እንኳ አንድ ነገር ሲሠሩ አይቼ አላውቅም።»

ካዶ ስድቡን ዋጠው። ሃምሳ ያለፈው፣ ወገቡ የጎበጠ፣ ፊቱ በፍርሃት አመድ የመሰለ ሰው ነው። «ትናንት ግብሩ ረዘመ። እኔ ጠጅ አልቀመስኩም፤ ወገቤ ነው ያደከመኝ። እንቅልፍ ጣለኝ። እግሩ ከጭኔ ተንሸራቶ ፍም ላይ ወደቀ።»

«የትኛው እግሩ?»

«ቀኙ።»

«ይበለው» አለች።

 ከግቢው በኩል ቀንደ መለከት ተነፋ፤ ውሾች ጮኹ። ጌኔሪስ ሳታስበው ዱላዋን አጥብቃ ያዘች። ሁለት ቀን ተራራው ላይ ዘንቦ የደቨርዱይ ወንዝ ሞልቷል፤ ከድንጋይዋ አጠገብ ጭቃውን ይዞ ሐይቁ ውስጥ ይገባል። የዛሬ ሦስት ዓመት በእንዲህ ያለ ሙላት ዱላዋ ከእጇ አምልጣ ሄዳ፣ ከሐይቁ ወዲያኛው ጫፍ አንድ ዓሣ አጥማጅ አግኝቶ በማግስቱ አመጣላት። አዛዡ እንዳይቀጣት ለዓሣ አጥማጁ አይብ ሰጥታ ዝም አሰኘችው።

መጀመሪያ የደረሰው አዛዥ ኢዶን ነው፤ በፈረስ፣ ስድስት ጦረኞች አስከትሎ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ጢሙን በቅቤ የሚያሾል ሰው ነው። ከኋላው ጌታ ተጊድ መጣ። ራሱ በጧት ፀሐይ እንደ ተወለወለ ሳህን ያበራል። ቀኝ እግሩ በቅቤና በጎመን ቅጠል ተጠቅልሎ ከእርካቡ ውጭ ተንጠልጥሏል። ከሁሉ ኋላ ዳኛ ማይሎግ በአሮጌ በቅሎ እያለከለከ ደረሰ፤ እሱ ይሁን በቅሎዋ ይበልጥ እንዳለከለከ መለየት ያስቸግራል። ሽማግሌው ደረቱን ያፍነዋል።

«አንቺ ሴትዮ» አለ ኢዶን። «ይህ ሰው ከለላሽን ጠይቋል?»

«ጠይቋል።»

«ሰጠሽው?»

 እምቢ ማለት መብቷ ነው። እምቢ ካለች እዚሁ ድንጋይዋ ላይ እጁን ያጋድሙታል፤ ደሙንም የምታጥበው እሷው ናት። እሺ ካለች ደግሞ እንደገና ልትወረውር ነው። አሁን አርባ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ትከሻዋ በክረምት ይንቋቋል። እንደገና ሦስት ክንድ ቢቀራትስ? አሁንማ ስድስትም ሊቀራት ይችላል።

ካዶ ቀና ብሎ አያት። 

«አንድ ነገር ሳልነግርሽ እጄን አልሰጥም» አለ በሹክሹክታ። «ስለዱላዋ ነው።»

«የቷ ዱላ?»

«ይህቺ። ሲመክሩ የጌታውን እግር ይዤ ነበር። አዛዡ ‹የዚያች ሴት ክንድ ጫካ ይደርሳል፤ ወንድሟ ደግሞ እጁ አያርፍም፤ አንድ ቀን ከእጃችን ታስመልጠዋለች› አለ። ‹እርጥብ ባሉጥ እናስጠርብላት፤ ይከብዳታል› አለ። ጌታው ሳቀ። ሲስቅ እግሩ ጭኔ ላይ ሲንቀጠቀጥ ይሰማኝ ነበር።»

ጌኔሪስ ዱላዋን አየች። ቀጥሎ ክንዷን አየች።

«ሦስት ቀን ሙሉ ታውቅ ነበር» አለች።

«አውቅ ነበር።»

«ያን ማታም ታውቅ ነበር።»

«አውቅ ነበር። ፈራሁ።»

የጌታውን እርጥብ ሸሚዝ አነሳችና ፊቱን ጠፈጠፈችው። የሸሚዙ ጩኸት ማዶ ተሰማ። ጦረኞቹ ሳቁ። እንደገና መታችው። ካዶ ፊቱን አልሸሸገም። ሦስተኛውን ልታሳርፍ አንስታ፣ እጇ አየር ላይ ቀረ። አሥራ አራት ዓመት የሰደበችው ክንዷን ነበር። ክንዷ ምን አጠፋ?

«ሰጥቼዋለሁ!» ብላ ጮኸች ወደ ኢዶን ዞራ። «በእኔ ነው!»

«መልካም» አለ ኢዶን ፈገግ ብሎ። ለጦረኞቹ በእጁ አሳያቸው፤ ወጡና ከድንጋይዋ እስከ ጫካው ባለው ሜዳ ላይ ተሰለፉ። ኢድዋል ከተያዘባት ቦታ ወዲህ አሥር ክንድ ቀድመው ቆሙ። የአሮጊት ክንድ ከዚያ አያልፍም ብለው ነው። አንደኛው ኮቱን አንጥፎ ተቀመጠ።

ጌታ ተጊድ ከፈረሱ ላይ እየሳቀ ጎንበስ አለ። «ጌኔሪስ፣ ክንድሽ እንዴት ነው?»

«እንደ ድሮው ነው ጌታዬ። እግርዎስ?»

ሳቁ ከፊቱ ጠፋ።

«ዳኛ ማይሎግ» አለች ጌኔሪስ። «ተማሪ ቤት አልገባሁም። ሕጉን እርስዎ ይንገሩኝና ልወርውር።»

ሽማግሌው ከበቅሎዋ ሳይወርድ ጉሮሮውን ጠረገ። «የልብስ አጣቢዋ ከለላ ከማጠቢያ ድንጋይዋ ተነስቶ ዱላዋ ሄዳ እስከቆመችበት ድረስ ነው። ዱላዋን የነካ፣ እጁን ጣልቃ ያስገባ፣ ከለላውን ሰብሯል።»

«ወድቃ ብትንከባለልስ? መንከባለሉ ይቆጠራል?»

«ይቆጠራል። በእናትሽ ጊዜ ቁልቁለት ላይ ወድቃ እስከ በጎቹ በረት ድረስ ተንከባለለች። አባቴ ነበር የፈረደው፤ ተቆጠረ።»

«በየት በኩል ወርውሪ ይላል?»

ዳኛው ግንባሩን ቋጠረ። «በየትም አይልም።»

«ሴትዮዋ ዛሬ ሕግ ልትማር ነው እንዴ!» አለ ኢዶን። «ወርውሪ ተባልሽ!»

«እርስዎ ይማሉልኝ መጀመሪያ፣ አዛዥ። ባለፈው ሦስት ክንድ ጎሎብኛል፤ ዛሬ ነገር እንዳይጎል።»

ጦረኞቹ አንገታቸውን አስግገው ሰሙ። ኢዶን ጌታውን አየ፤ ጌታው ትከሻውን ነቀነቀ።

«በጌታዬ በተጊድ ራስ እምላለሁ» አለ ኢዶን። «ዱላሽ እስክትቆም እኔም ሰዎቼም እጃችንን አናነሳም። በቃሽ?»

«በቃኝ።»

ጌኔሪስ ቀሚሷን እስከ ጉልበቷ ሰብስባ ቋጠረች።  ከተሳሳተች ሁለተኛ ውርወራ የለም። ካዶን በእግሯ ነካ አደረገችው።

«ያቺን የቆዳ ታንኳ ታያታለህ?» አለችው ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። እርጥብ ልብስ ወደ ማድረቂያው ዳር የምታሻግርባት ጎድጓዳ ታንኳ አጠገቧ ታስራ ቆማለች። «ስወረውር ዘለህ ግባባት። ከዱላዋ ጎን ሂድ። እጅህ እንዳይነካት። መቅዘፊያህም እንዳይነካት። እሷ ከሄደች ትሄዳለህ፤ ከቆመች የሞትክ ቀን ነው።»

«የት ድረስ?»

«እኔን ምን ትጠይቀኛለህ? እሷን ጠይቃት።»

ለጫካው ጀርባዋን ሰጠች። ድንጋይዋ ላይ ቆመች፤ ዱላዋን በሁለት እጇ ወደ ኋላ ወሰደችና ወንዙ ሐይቁ ውስጥ በሚገባበት በኩል፣ ጭቃማው ውሃ መሃል ወረወረቻት።

ውርወራው አሥራ ሁለት ክንድ ቢሆን ነው። ቧ አለችና ሰጠመች። ተመልሳ ተንሳፈፈች።

ሜዳው በሳቅ ተናጋ። ኢዶን ኮርቻው ላይ ተንፈራፈረ። «ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ! ዕድሜዋን ሙሉ ውሃ ስትወቅጥ አእምሮዋ ሟሟ!»

ካዶ ታንኳዋ ውስጥ ገብቷል። ዱላዋ አንዴ ዞረች፤ ሰፊ ጫፏን ወደ ፊት አደረገችና መሄድ ጀመረች።

ሳቁ ከዳር ጀምሮ ቀዘቀዘ። መጀመሪያ የገባው ኮት አንጥፎ ለተቀመጠው ጦረኛ ነው፤ የዓሣ አጥማጅ ልጅ ነው። ብድግ አለ። «ወንዙ…» አለ።  ደቨርዱይ በሐይቁ ውስጥ እንደሚያልፍ፣ ከሐይቁ ጋር ግን እንደማይቀላቀል በዚያ አገር የማያውቅ የለም። ከላይ ይገባል፤ ሐይቁን እንደ ክር ሰንጥቆ ይሄዳል፤ በታች በኩል ራሱን ሆኖ ይወጣል። ዛሬ ሞልቶ ስለነበር ቡናማው መስመር በሰማያዊው ውሃ ላይ ለዓይን ይታይ ነበር። የመስመሩ መጨረሻ የኤዴርንዮን ጌታ ወሰን ነው፤ የተጊድ ቃል እዚያ አይሠራም።

«ቆመች በል!» አለ ተጊድ ወደ ዳኛው።

ማይሎግ በቅሎዋን ወደ ዳር አስጠጋ። ውሃውን አየ። «ጌታዬ፣ እየሄደች እያየሁ ቆመች ካልኩ፣ ነገ ‹ይህ መሬት የጌታ ተጊድ ነው› ስል ማን ያምነኛል?»

ኢዶን ቀስት ካነገበው ሰው ትከሻ ላይ እጁን ጣለ፤ መልሶ አነሳ። የማለው በጌታው ራስ ነው። ያ ራስ ደግሞ አጠገቡ ያበራል።

«እስክትቆም ነው አይደል የማልኩት?» አለ ጥርሱን ነክሶ። «ትቆማለች!» ፈረሱን ኮርኩሮ በዳርቻው ጋለበ።

ጌኔሪስ በእግሯ ተከተለች። ከሐይቁ ራስ እስከ እግሩ ግማሽ ቀን ያህል መንገድ አይደለም፤ ለእሷ ግን ያን ቀን አሥራ አራት ዓመት ሆነባት። እርጥብ ቀሚሷ እግሯን ይጠልፋታል። ዓይኗን ከዱላዋ ካነሳች የምትቆም ይመስላታል። ትንሽ ጥቁር ነገር፣ ከጎኗ ትንሽ ጥቁር ታንኳ። በሐይቁ መሃል ሲደርሱ ዱላዋ ዘገየች። ጌኔሪስም እርምጃዋ ዘገየ። እዚያ አካባቢ ነው ኢድዋልን የጣሉት።

«አንተ» አለች ለውሃው፣ ማንም እንዳይሰማት። «አንድ ጊዜ ግፋት እስቲ።»

ሄደች። ከእኩለ ቀን በኋላ ግን ነፋስ ተነሳ። ከወዲያ ማዶ መጥቶ ዱላዋን ከቡናማው መስመር ጠርዝ ላይ አወጣት፤ ወደ ዳር፣ ወደ ሸምበቆው፣ ኢዶን ወደቆመበት። ካዶ ታንኳዋ ውስጥ ብድግ አለ፤ መቅዘፊያውን ወደ ዱላዋ ዘረጋ።

«እንዳትነካት!» ብላ ጮኸች ጌኔሪስ፤ ድምፅዋ ተሰነጠቀ። «ካዶ፣ እንዳትነካት!»

መቅዘፊያውን ደረቱ ላይ አቀፈው።

ዱላዋ ሸምበቆው መሃል ገባችና በአንዲት ሸምበቆ ተያዘች። ኢዶን እስከ ጉልበቱ ውሃ ውስጥ ገብቶ ነበር፤ ጩቤው ወጥቷል። ከታንኳዋ ያለው ርቀት ሁለት እርምጃ ነው። «ቆመች! ዳኛ፣ ቆመች! ይመስክሩ!»

ጌታ ተጊድም ደርሶ ፈረሱን አቆመ። ዳኛ ማይሎግ ከበቅሎዋ በሁለት ሰው ተደግፎ ወረደ።

«ሕጉ» አለ ትንፋሹ እየተቆራረጠ፣ «የዳኛው ሦስት ትንፋሽ ነው። ሦስት ጊዜ እስክተነፍስ ካልተነቃነቀች ቆማለች።»

«ይተንፍሱ እንግዲያ!»

ሽማግሌው አንዴ ተነፈሰ። ዱላዋ አልተነቃነቀችም። ሁለቴ ተነፈሰ። ደረቱ እንደ አሮጌ ወናፍ አፏጨ። ዱላዋ ሸምበቆዋን ታክካ ቆማለች፤ ውሃው በጎኗ ያልፋል። 

ማይሎግ ሦስተኛውን ሳበ። ያዘውም።

አልተነፈሰም። ጉንጩ ተነፋ። ኢዶን ከዱላዋ ወደ ዳኛው፣ ከዳኛው ወደ ዱላዋ ያያል። የሽማግሌው ፊት ቀላ፤ ጆሮው ቀላ፤ የአንገቱ ሥር ተገተረ። ደረቱን የሚያፍነው፣ ደረጃ ሲወጣ ሦስቴ የሚያርፈው ሰው ነው። ዓይኑ እንባ አቀረረ። በበትሩ ላይ ተደግፎ ተንቀጠቀጠ፤ አፉን ግን አልከፈተም።

«ተንፍስ!» ብሎ አንባረቀ ተጊድ።

ሸምበቆዋ ጎበጠች። የዱላዋ ጭራ ወደ ወንዙ መስመር ወጣ ብሎ ነበርና ሙላቱ ያዛት፤ ቀስ ብሎ አዞራት። ክብደቷ ሸምበቆዋን አስተኛ። ቀላል እንጨት ብትሆን ነፋሱ እዚያው ይዟት በቀረ። ከባዷ ባሉጥ ግን ወንዙን ሰማች፤ ተንሸራታ ወጣች፤ ሄደች።

ዳኛው ትንፋሹን ለቀቀና ሣሩ ላይ ዘፍ አለ። «አልቆመችም» አለ በሳሉ መሃል። «ሦስተኛው ሳይሞላ… ሄዳለች። ሁላችሁም… አይታችኋል።»

ከዚያ ወዲያ ያለው አጭር ነው። ሐይቁ ይጠብባል፤ ወንዙ ይፈጥናል፤ በግራና በቀኝ ሁለቱ የወሰን ድንጋዮች ቆመዋል። ዱላዋ በመሃላቸው አለፈች። ታንኳዋም ተከትላ አለፈች። ካዶ ወደ ኋላ ዞረ፤ ሁለት እጁን ወደ ላይ አነሳ።

«ጌኔሪስ!» ብሎ ተጣራ። «እንደምን ዋልሽ!»

አልመለሰችለትም። ለሰላምታው ገና ነው። ታንኳዋ ከመታጠፊያው እስክትሰወር ግን ከቆመችበት አልተነቃነቀችም።

ተጊድ ፈረሱን አዙሮ ሄደ፤ የጎመን ቅጠሉ ከእግሩ እየተራገፈ። ኢዶን እስከ ወገቡ ርሶ ከውሃው ወጣ። ጢሙ ተንጠልጥሏል።

«ሰውየው ይሂድ» አለ። «ዱላዋ ግን የግቢው ንብረት ናት። የግቢ ዕቃ ጥሎ መመለስ የለም። ወደቆመችበት ሄደሽ ታመጫታለሽ፤ ሰማሽ?»

ጌኔሪስ የቀሚሷን ቋጠሮ ፈትታ ውሃውን ጨመቀችው።

«ስትቆም አመጣታለሁ» አለች።

ከዚያም ዳኛውን ክንዱን ይዛ አነሳችው፤ በዚያው በቀኝ ክንዷ።